ገበያ የሌለው ሳምንት

ልጄ፣

ከእኛው ደቡብ ወሎ፦ ከከላላ፣ ከመካነ ሰላም፣ ከወግዲ፣ ከአቀስታ ተነስተው ለትምህርት ባሕር ማዶ የሚሻገሩ ልጆች አሉን። ይህን በአንቺ ስም እጽፈዋለሁ፤ ወንድሞችሽም ያንብቡት። ያለፍሽበትን አውቃለሁ። የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 896 ሺህ ከሚበልጡ ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ እንኳ አልሞሉም፤ በእኛ በኩል ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ትምህርት ቤቱን ሲዘጋው ሲከፍተው ነበር። ከዚህ መሀል ወጥታ የነጻ ትምህርት ዕድል ያገኘች ልጅ ጉብዝናዋ አያጠራጥርም፤ ስለዚህ ስለ ጉብዝና አልመክርሽም። እኔ በደርግ ዘመን ሶቭየት ኅብረት ሄደው ከተማሩት አንዱ ነኝ። ከዚያ ወዲህም ብዙ ልጆች ሸኝቻለሁ፣ ሲመለሱም ተቀብያለሁ። ባሕር ማዶ አእምሮው አንሶት የወደቀ ተማሪ ያየሁት ጥቂት ነው፤ ሳምንቱ ተበትኖበት የወደቀው ግን ብዙ ነው። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ወይም አራት ዓመት ይባላል እንጂ የሚኖረው በሳምንት በሳምንት ነው። ምክሬም ስለዚያ ሳምንት ነው።

1. አገር ቤት ሳምንትን ቁጭ ብሎ የሚያቅድ ሰው የለም፤ ተሠርቶ ይጠብቀናል። የገበያ ቀን አለ፤ በዋዜማው እህሉ ይሰፈራል፣ የሚሸጠውና የሚገዛው ይመከርበታል፣ ለከተማ ዘመድ የሚላከው መልእክት ይታሰባል። ሐሙስ ማታ ዱዓ፣ ዓርብ ጁምዓ፣ እሑድ ቅዳሴ አለ። በወር በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም ሲሆን በሬው ከቀንበር ያርፋል። የወሎ ሰው ደግሞ የራሱን ቀን ብቻ አይደለም የሚያውቀው፤ ክርስቲያኑ የጎረቤቱን ዒድ፣ ሙስሊሙ የጎረቤቱን ጥምቀት ቆጥሮ ይዞ ይኖራል። ሰው ቢሰንፍ እንኳ ቀኑ ራሱ ይቀሰቅሰዋል።

እዚያ ስትደርሺ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀራል። በሳምንት ክፍል የምትገቢበት ሰዓት ጥቂት ነው፤ በቀረው ሰዓት የት ዋልሽ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም። መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል። ሁለት ሦስት ወር ሲሞላ ግን ሌሊቱ ስልክ ላይ ያልፋል፣ መኝታው ወደ ንጋት ይገፋል፣ መነሻው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይሆናል። አንድ ክፍለ ጊዜ ይታለፋል፣ ሁለተኛው ይታለፋል፣ ከዚያ በኋላ መምህሩን ማየት ያሳፍራል። የተመረጡ ልጆች በዚህ መንገድ ሲቀሩ አይቼ አዝኛለሁ።

ስለዚህ በገባሽበት በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ምሰሶ ትከዪ። አንዱ የጸሎትና የዕረፍት ቀን ነው፤ በዚያ ቀን መጽሐፍ አይገለጥ። ሁለተኛው የአስቤዛና የወጥ ቀን ነው። ሦስተኛው የሰው ቀን ነው፤ ቤት የምትደውዪበት፣ ሰው የምትጠይቂበት፣ ቡና የምታፈዪበት። የትኛው ቀን የትኛው እንደሚሆን አንቺ ታውቂያለሽ፤ አንዴ ከተተከሉ ግን በፈተና ሰሞንም አይነቀሉ። ሰው ምሰሶውን የሚነቅለው ፈተና ሲደርስ ነው፤ ከፈተና በኋላ መልሶ የሚተክለው ግን ጥቂት ነው።

ሙስሊም ከሆንሽ የዓርብ ትምህርት ከጁምዓ ጋር እንደሚጋጭ ሴሚስተሩ ሲጀመር ለመምህሩ ንገሪው፤ ያኔ ከተነገረ ሌላ ምድብ ሊገኝ ይችላል፣ መሀል ላይ ሲሆን ግን ምክንያት ፍለጋ ይመስላል። ክርስቲያን ከሆንሽ ደግሞ ገና ታኅሣሥ 29 ሲውል ፈረንጆቹ የራሳቸውን በዓል ጨርሰው ወደ ሥራ ተመልሰዋል፤ ቀኑ ፈተና ላይ ሊያርፍብሽ ስለሚችል አስቀድመሽ ካላንደርሽ ላይ አስፍሪው። ስለ ጾም አትጨነቂ፤ «ቪጋን» ተብሎ የተጻፈበት ምግብ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለበትም።

2. ሰዓትና ቀን አያሳስቱሽ። 9:00 ብለው ከቀጠሩሽ የእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ 14:00 ካሉሽ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ቱርክ ከሆንሽ ሰዓቱ ከአገር ቤት ጋር እኩል ነው። ጀርመንና ሃንጋሪ በብርዱ ወራት ሁለት ሰዓት፣ በሙቀቱ ወራት አንድ ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ናቸው፤ ሕንድ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቻይና አምስት ሰዓት ይቀድሙናል። በአብዛኛው አውሮፓ መጋቢት ውስጥና ጥቅምት ውስጥ በአንድ እሑድ ሌሊት ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ያዞራሉ። ያን ሰሞን እናትሽ በቀጠሯችሁ ሰዓት ስልኩን ይዛ ስትጠብቅ አንቺ ክፍል ውስጥ እንዳትሆኚ።

3. በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ሴሚስተር 30 ክሬዲት ነው። አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይጠይቃል ተብሎ ስለሚታሰብ በጠቅላላው ከ750 እስከ 900 ሰዓት ይሆናል። የፈተናውን ጊዜ ጨምረን ለ20 ሳምንት ብናካፍለው በሳምንት ከ37 እስከ 45 ሰዓት ይደርሳል፤ የሙሉ ቀን ሠራተኛ ሰዓት ማለት ነው። ክፍል ውስጥ የምትቀመጪው ግን የዚህን ግማሽ ላይሞላ ይችላል። የእኛ ልጆች የሚወድቁት በቀረው ግማሽ ነው። ክፍል ገብቶ መውጣትን መማር አድርገው ይወስዱታል፤ መምህሩ ደግሞ አስቀድመው አንብበው እንደመጡ ቆጥሮ ይናገራል። ለዚያ ግማሽ ቦታና ሰዓት ስጪው፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ወንበር፣ ጠዋት ጠዋት። መኝታ ቤትሽ ውስጥ አታጥኚ።

አንገት ደፍቶ ማዳመጥ እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ ያሳደገሽ ሰው ይመሰገንበታል። እዚያ ግን ዝም ያለች ተማሪ አላነበበችም ወይም አልገባትም ተብላ ትታለፋለች። በእኔ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ውስጥ ፈተናው በቃል ነበር። ጠረጴዛ ላይ ከተደረደሩት ወረቀቶች አንዱን ታነሻለሽ፤ «ቢሌት» ይሉታል። ጥያቄው እዚያ ላይ ነው። ጥቂት ተዘጋጅተሽ ፕሮፌሰሩ ፊት ቀርበሽ በሩሲያኛ ታስረጃለሽ፤ ውጤቱ ከ5 ተሰጥቶ «ዛቾትካ» በምትባለው ደብተርሽ ላይ ይጻፋል። ፊት ለፊት አይቶ መናገር ላልለመድን ልጆች ጭንቅ ነበር፤ ሆኖም መናገር ያስተማረን እሱ ነው። አንቺም በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ክፍል ውስጥ ጠይቂ። ጥያቄውን ከቤት ጽፈሽ ሂጂ፤ ሰዋስውሽን ማንም አይቆጥርም። መምህሩ ለተማሪ ክፍት ያደረገው የቢሮ ሰዓት ካለም ሂጂበት። ሰዓቱ የተመደበው ለአንቺ ነው፤ ማስቸገር አይደለም።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። የሌላ ሰው ጽሑፍ፣ ኮምፒዩተር የጻፈልሽንም ጭምር፣ የራስሽ አስመስለሽ አታቅርቢ። አገር ቤት አሳይንመንት መገልበጥ በአንዳንድ ቦታ እንደ ቀላል ይታያል፤ እዚያ ከዩኒቨርሲቲ ሊያስባርር ይችላል፣ ቪዛውም አብሮ ይሄዳል። ደካማ ቢሆንም የራስሽን ጻፊ።

4. ለትምህርት ከቤት መውጣት ለወሎ ሰው አዲስ አይደለም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ቅኔ ፍለጋ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ይገባ ነበር። ሙስሊሙ ደረሳም ከሸህ ወደ ሸህ እየተዘዋወረ ጀማ ንጉሥ፣ የጁ ዳና ድረስ ይሄድ ነበር። ሁለቱንም እያበላ ያስተማራቸው የማያውቃቸው የመንደር ሰው ነው። ከዚያም ርቀው ካይሮ የደረሱ ነበሩ። በአል-አዝሃር ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄዱ ሙስሊም ተማሪዎች የሚያድሩበት «ሪዋቅ አል-ጀበርት» የሚባል ማደሪያ ለዘመናት ነበረ። የራሳቸው ሸህ ነበራቸው፣ ዳቦም ይታደላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1798 ናፖሊዮን ግብጽን ሲይዝ የሆነውን መዝግቦ ያቆየልን ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ አብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ከዚሁ የተማሪ ዘር ነው። የሩቅ አያቱ ከዘይላ በኩል ለትምህርት ሄዶ ካይሮ የቀረ ሰው ነበር፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹም ሪዋቁን እየመሩ፣ ካይሮን እያስተማሩ ኖሩ።

አንቺም ሪዋቅሽን ፈልጊ። የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር ይሁን፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይሁን፣ ባለ ሐበሻ ሱቁ ይሁን፣ በመጀመሪያው ወር የአንዱን በር አንኳኪ። ቀድሞሽ የሄደ ልጅ የባንኩን፣ የኢንሹራንሱንና የቤት ኪራዩን መንገድ በአንድ ከሰዓት ያሳይሻል፤ ብቻሽን ብትፈልጊው ወር ይፈጅብሻል። ነገር ግን እዚያው ውስጥ አትቀሪ። ጀበርቲዎቹ ሪዋቃቸው ውስጥ ተዘግተው ቢቀሩ ስማቸውን ዛሬ ባላነሳነው ነበር። ከአገሩ ልጆች ወይም ከሌላ አገር ከመጡት አንድ የጥናት ጓደኛ ይኑርሽ፤ ቋንቋው የሚለመደው በእሱ ነው።

የአገራችን ጠብም ባሕር ይሻገራል። ስለ ዘርና ስለ ፖለቲካ እስከ እኩለ ሌሊት የሚነታረክ ስብስብ በየከተማው አለ። ከላላ ላይ ቤተሰብሽ የዚያን ጠብ ዋጋ በሥጋው ከፍሏል፤ እዚያ ያለው ደግሞ በሻይ ቤት ያሞቀዋል። ሰላምታ ሰጥተሽ ተነሺ።

5. ስለ ገንዘብ፦ ስኮላርሺፕ ደመወዝ አይደለም፤ ይህን ቤተሰብሽ ከአንቺ አፍ ይስማ። ጀርመን የነጻ ትምህርት ለሌለው ተማሪ ቪዛ ስትሰጥ የዓመት መኖሪያው በአብዛኛው በታገደ ሒሳብ እንዲቀመጥ ትጠይቃለች፤ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ 11,904 ዩሮ ሆኗል፤ በወር 992 ዩሮ። መንግሥታቸው ራሱ ለአንድ ተማሪ ከዚህ ያነሰ አይበቃም ማለቱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። 50 ዩሮ አገር ቤት ብዙ ነው፤ አንቺ ጋ የሳምንት አስቤዛ ነው። ቤተሰቡ የሚያየው ብሩን እንጂ አስቤዛውን አይደለም፤ አይፈረድበትም።

ለመላክ ስትዪ ሕጉን አልፈሽ አትሥሪ። እንግሊዝ አብዛኛው የዲግሪ ተማሪ በትምህርት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አትፈቅድም፤ ጀርመን በዓመት 140 ሙሉ ቀን ትፈቅዳለች። ከዚህ ያለፈ ሰው በሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ቀን ይተኛል፣ ከዚያ ትምህርቱም ፈቃዱም ይሄዳል። ለአባትሽ እንዲህ በዪው፦ «እስክመረቅ ድረስ ለበዓል ብቻ እልካለሁ፤ ሰው ከታመመ ንገሩኝ።» ይህ አነጋገር እኛ አገር ይከብዳል። ግን አንዴ ከተባለ ሁለታችሁም ታርፋላችሁ። የሐበሻ ልጆች ትንሽ ዕቁብ ካላቸው ግቢበት፤ ለትኬት ይሆንሻል።

6. ስለ ስልክ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

በእኛ ጊዜ ደብዳቤ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ወራት ያልፉ ነበር። አሁን ሁሉም በኪስ ነው ይባላል። ሆኖም በ2015 መጨረሻ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ዝምታው ለወራት ዘልቋል፤ ውጭ ያለው ልጅ ቴሌግራሙን ከፍቶ እናቱ ለመጨረሻ ጊዜ የገባችበትን ቀን እያነበበ ከረመ። የእኛ ደጋ ደግሞ በደህናውም ጊዜ ኔትወርኩ ሸለቆው ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ሁለት ነገር ከመነሳትሽ በፊት ጨርሺ። አንደኛ፣ የጥሪ ቀን ቁረጡ፤ ቢቻል እናትሽ ከተማ የምትወጣበት የገበያ ቀን ይሁን። ሁለተኛ፣ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ያለ አንድ አስተዋይ ዘመድ መሀል ላይ ይቁም፤ መስመር ሲጠፋ ወሬውን አጣርቶ የሚነግርሽ እሱ ይሁን። ሌላው የሚልክልሽን «ሰማሁ» አትስሚ።

በየቀኑ አትደውዪ። የሚከብድ ምክር መሆኑን አውቃለሁ። በየቀኑ የሚደውል ልጅ የጠፋችውን በግ፣ የተጣላውን ጎረቤት፣ የታመመውን ሕፃን ሁሉ በሰዓቱ ይሰማል፤ ሊያደርግ የሚችለው ነገር ግን የለም፤ ያንን ተሸክሞ ክፍል ይገባል። በሳምንት አንዴ፣ በደንብ፣ ረጋ ብለሽ አውሪ። እናትሽ ስትጠይቅሽ እውነቱን ንገሪያት። «ደህና ነኝ» በሚል ቃል ብቻ ዓመት የሚያልፍ ቤት አውቃለሁ፤ እሷም ደህና፣ አንቺም ደህና፣ ሁለታችሁም ታማችኋል። «ትምህርቱ ከብዶኛል፣ እየሞከርኩ ነው» ማለት እናትን አያሳምማትም። «አብሽሪ» ትልሻለች፤ ይህን ቃል ከእሷ አንደበት መስማት ያስፈልግሻል።

አሁን ወደ ከባዱ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ውጭ ላለ ልጅ በስልክ አይነገርም። ፈተናውን እስኪጨርስ ይደበቃል፤ ከዚያ ያለበት ከተማ ያሉ ዘመዶችና ወዳጆች ተጠራርተው በማለዳ ቤቱ ይሄዱና ያረዱታል። ይህን ሥርዓት አከብረዋለሁ፤ ሰው መርዶ ብቻውን እንዳይሰማ ተብሎ የተሠራ ነው። ግን አንቺ ባለሽበት ከተማ ማንም የማያውቅሽ ከሆነ የሚያረዳሽ ማን ነው? ዛሬ ደግሞ ፌስቡክ አለ። አንድ የሩቅ ዘመድ ፎቶ ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ይጽፋል፤ ልጁ አውቶቡስ ላይ ቆሞ ያነበዋል። ከዚህ የከፋ መርዶ አላውቅም።

ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ከአባትሽና ከታላቅ ወንድምሽ ጋር ቁጭ በዪ፤ ሟርት ነው ቢሉሽም አስረጃቸው። ቶሎ ይነገረኝ ወይስ ትምህርቱ ይለፍ? መልሱ የአንቺ ነው። እኔ ቶሎ መስማትን እመርጣለሁ፤ ተደብቆ የቆየ ሞት ሲሰማ ሐዘኑ ላይ ሌላ ሐዘን ይጨምራል፣ ከዚያ በኋላ የቤት ሰው «ሁሉም ደህና ነው» ሲል ልጅ አያምንም። እንዲነገርሽ ከወሰንሽ በምን መንገድ እንደሆነ ተስማሙ። በከተማሽ ያሉ የሁለት ሰዎችን ስልክ ለወንድምሽ ላኪለት፤ መጀመሪያ ለእነሱ ይደወል፣ እነሱ መጥተው ይንገሩሽ። ሳይነገርሽ ማንም ፌስቡክ ላይ እንዳይጽፍ ለዘመዱ ሁሉ ይነገር። ከደረሰም በዚያው ቀን ለትምህርት ክፍሉ ጻፊ። ብዙ ዩኒቨርሲቲ የቅርብ ዘመድ ሲሞት ፈተና የሚያስተላልፍበት ደንብ አለው፤ ዘግይቶ ለመጣ ግን ይከብዳል። ሊጠይቁሽ የመጡትን አትመልሺ፤ አብረሽ ተቀመጪ፣ ያመጡትን ብዪ። አገር ቤት ሰደቃው ወይም አርባው የሚወጣበትን ቀን ጠይቂና በዚያ ቀን አንቺም ቡና አፍልተሽ ሰው ጥሪ።

ሽማግሌዎቹን አያቶችሽንም ሳትሰናበቺ አትውጪ። ቤታቸው አንድ ቀን እደሪ፤ ይመርቁሽ።

7. ስትታመሚ አትደብቂ። መቅደላ ከእኛው ደቡብ ወሎ ነው፤ ከዚያ ባሕር ማዶ ተወስዶ የተማረው ልጅ ታሪክ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ ልጃቸው ልዑል አለማየሁ ሰባት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሕፃን ነበር። እንግሊዞች ከእናቱ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ጋር ይዘውት ሲወርዱ እናቱ መንገድ ላይ ሞተች። ልጁ ቼልትናም፣ ከዚያ ራግቢ፣ ከዚያም ሳንድኸርስት የተባለው የጦር ትምህርት ቤት ገባ። ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ ሁሉም እንግዳ ሆኑበት። በ1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ ላይ በሳንባ ሕመም በ18 ዓመቱ አረፈ፤ ዊንድዘር ተቀበረ። አንቺን ማንም አልማረከሽም፣ ወደሽ ነው የምትሄጂው። ብርዱና ብቸኝነቱ ግን ዛሬም እዚያው አሉ።

ስለዚህ እንደገባሽ የጤና ኢንሹራንስሽ ይመዝገብ፣ ሐኪም ይኑርሽ። አገራችን ላይ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ 12 ሰዓት ግድም ነው፤ በርሊን ላይ በታኅሣሥ 8 ሰዓት አይሞላም። የጠዋት ክፍል ስትገቢም ከሰዓት ስትወጪም ጨለማ ነው። በዚያ ወራት ሰውነት ይከብዳል፣ እንቅልፍ ይዛባል፣ ያለ ምክንያት ዕንባ ይመጣል። ስንፍና አይደለም፣ ዓይን በላኝ ብለሽም አትሸበሪ። እኩለ ቀን ላይ፣ ደመናም ቢሆን፣ ወጥተሽ ተራመጂ። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየብሽ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ካለ የሥነ ልቦና አማካሪ ጋ ሂጂ፤ ለተማሪ በነጻ የሚሰጡ ብዙ ናቸው። አገር ቤት ያሉትም ዱዓ ያድርጉልሽ፣ ጸበልም ይላኩልሽ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

8. ከቤት ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ቆሎ ያዢ፤ ሥጋና ቅቤ ግን ብዙ አገር በድንበሩ አያሳልፍምና ቋንጣውን ተዪው። በሳምንት አንድ ቀን የሚቆይሽን ወጥ ሥሪና ከፋፍለሽ አቀዝቅዢው።

9. ፓስፖርትሽ በአንቺ እጅ ይሁን። ቤት እሰጥሻለሁ፣ ሥራ አገኝልሻለሁ ብሎ ፓስፖርትሽን ልያዝልሽ የሚል ሰው፣ ዘመድ ቢመስልም፣ ሽሺው። ሴት ልጅ መሆንሽን ድካም አድርገው የሚያዩ አሉ፤ አኗኗራቸውን የማታውቂያቸው ሰዎች ቤት ለማደር አትሂጂ።

10. በየሳምንቱ መጨረሻ አንድ ገጽ ጻፊ፣ በአማርኛ። ከመቅደላ የተወሰደ ሌላም ሕፃን ነበር፤ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ። አንድ የእንግሊዝ መኮንን ሕንድ ወስዶ አሳደገው። ላሆር ላይ ሕክምና ተማረ፣ ስኮትላንድ ሄዶ ጨመረበት፣ በርማ ውስጥ ሠራ፤ በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሆነ። በምኒልክ ዘመን አገሩ ሲገባ ዘመዶቹ ለዩት፤ ሆኖም አማርኛ አያውቅም ነበር፣ በጎልማሳነቱ እንደ አዲስ ተማረው። በ1927 ዓ.ም. ግድም አገሩን ወክሎ ለንደን የተቀመጠ መልእክተኛ ለመሆን በቃ። ይህን ሁሉ በዝርዝር የምናውቀው ለረጅም ዘመን የዕለት ማስታወሻ ይጽፍ ስለነበረ ነው።

ያንቺ አማርኛ አይጠፋም። ግን የትምህርትሽን ነገር በአማርኛ ማሰብ ካቆምሽ ስትመለሺ ለከላላ ገበሬ ልታስረጂው አትችይም። ስለ አፈር ብትማሪ የኛን ጥቁር መሬት፣ ውኃ የሚተኛበትን መረሬ አስቢ፤ ስለ ሕክምና ብትማሪ ጤና ጣቢያችንን አስቢ። «ይህ ነገር እኛ ዘንድ እንዴት ይሆናል?» ብለሽ በየሳምንቱ አንድ ገጽ ሙዪ። የመመረቂያ ጽሑፍሽ ርዕስ ከዚያ ደብተር ውስጥ ይወጣል፤ የማንም ያልሆነ፣ የራስሽ ርዕስ። ለመምህራኑም ከተማሪ የሚሰሙት አዲስ ነገር ይሆናል።

11. ይህ ግን ከመነሳትሽ በፊት የሚሠራ ነው። ስምሽና የልደት ቀንሽ በፓስፖርቱ፣ በትራንስክሪፕቱና በልደት ሰርተፊኬቱ ላይ አንድ መሆኑን ፊደል በፊደል አመሳክሪ። የልደት ቀንሽ በአንዱ ላይ በእኛ፣ በሌላው ላይ በእነሱ አቆጣጠር ተጽፎ ከሆነ ሁለት ሰው ያደርግሻል። የቤተሰብ ስም ሲጠይቁሽ ፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው ብቻ ሙዪ፤ አንዱ ቦታ የአባትሽን፣ ሌላው ቦታ የአያትሽን አታድርጊ። ቅበላ አመጣልሻለሁ ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ደላላ ቢመጣ ለዩኒቨርሲቲው ራስሽ ጽፈሽ ሳታረጋግጪ ብር አትስጪ። የትምህርት ማስረጃሽን የማረጋገጡና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የማስመስከሩ ሥራ አዲስ አበባ ድረስ ሊያስኬድሽ ይችላል። መንገዱ ደግሞ እንደምታውቂው አንዳንድ ሰሞን ይዘጋል። በረራው ሳምንት ሲቀረው አትነሺ፤ ቢያንስ ሁለት ወር አስቀድመሽ ወረቀቱን ይዘሽ ውጪ፣ ቅጂውንም ከታላቅ ወንድምሽ ጋ ተዪ።